የክፍያ ፓኬጅ ጣጣ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ የክፍያ በተን በሪአክት (የድረ ገጽ ገጽታ መሥሪያ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ኮምፖነንት፣ ማለትም ተደጋግሞ የሚሠራበት የገጽ ክፍል፣ አድርጎ ሠርቶ ኤንፒኤም (ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን በፓኬጅ የሚጋሩበት መድረክ) ላይ ስለ መልቀቅ። በጣም ካስደነገጠኝ ልጀምር።

«የሪአክት ኮምፖነንቴን ከለቀቅኩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲክሬት ኪዬ አብሮ መውጣቱን አየሁ። ፓኬጁን ባጠፋው ይበቃል?»

አይበቃም ወንድሜ። ሲክሬት ኪ ሰርቨርህ በአንተ ስም ከክፍያ ድርጅቱ ጋር የሚነጋገርበት ሚስጥራዊ ቁልፍ ነው። መጀመሪያ ወደ ክፍያ ድርጅቱ ዳሽቦርድ ሩጥና ቁልፉን ቀይር። ማጥፋቱ ይደርሳል። ኤንፒኤም ላይ የወጣን ፓኬጅ ሌሎች ሰርቨሮች ቶሎ ይገለብጡታል፤ አንተ ብታነሳውም ቅጂው እዚያ ይቀራል። ቁልፉ ከተቀየረ ግን የወጣው ከቆርቆሮ አይለይም። ፓኬጁን ደግሞ ሌላ ፓኬጅ እስካልተጠቀመበት ድረስ በ72 ሰዓት ውስጥ ማንሳት ትችላለህ። ያነሳኸውን 1.0.0 ግን ደግመህ አትለቀውም፤ ቀጣዩ 1.0.1 ነው። ጠቅላላውን ካነሳህ በዚያው ስም ለመመለስ 24 ሰዓት ትጠብቃለህ።

ለሌላ ጊዜ ከመልቀቅህ በፊት «ኤንፒኤም ፓክ» የሚለውን ትዕዛዝ ለሙከራ አስኪደው፤ የሚወጡትን ፋይሎች አንድ በአንድ ይዘረዝርልሃል። «እኔ እኮ ኢንቫይሮንመንት ፋይል (ቁልፎች ከኮዱ ተለይተው የሚቀመጡበት ፋይል) ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት» የሚለኝም አይጠፋም። ኮምፖነንቱ ከተጠቀመበት ኮዱ ለብራውዘር ሲዘጋጅ (ቢልድ ሲደረግ) ቁልፉ ኮዱ ውስጥ ይገባል፤ ብራውዘር የከፈተ ሁሉ ያነበዋል። የሲክሬት ኪ ቦታው ሰርቨር ነው። ኮምፖነንቱ ሰርቨርህን «ክፍያ ጀምርልኝ» ይበል፤ ከዚያ አይለፍ።

«በስትራይፕ 80 ዶላር ላስከፍል ብዬ 80 ሳንቲም ገባልኝ!»

ደንበኛሽ መቼም አልተከፋም። የውጭው የክፍያ ድርጅት ስትራይፕ ዶላርን በሳንቲም ነው የሚቆጥረው፤ 8000 ብለሽ ላኪ። የእኛው አገር የክፍያ ድርጅት ቻፓ ላይ ግን 80 ብር 80 ነው። ሁለቱንም የምትደግፊ ከሆነ በ100 ማባዛቱን ለተጠቃሚው አትተዪለት፤ ኮምፖነንቱ ራሱ ይሥራው። የጃፓን የን ነገር እንዳይረሳሽ፤ እሱ ሳንቲም ስለሌለው አይባዛም።

«ፓኬጄን ኢንስቶል ያደረጉ ሰዎች ‹ኢንቫሊድ ሁክ ኮል› ይለናል አሉኝ።»

ብዙውን ጊዜ ሁለት ሪአክት ገብቶ ነው፤ አንዱ የተጠቃሚው፣ ሌላው ከፓኬጅህ ጋር የመጣው። ሪአክትን ከዲፔንደንሲ (ፓኬጅህ ይዟቸው ከሚመጣው ፓኬጆች ዝርዝር) አውጣና ፒር ዲፔንደንሲ ውስጥ አድርገው፤ «የተጠቃሚውን ሪአክት ተጠቀም» ማለት ነው።

«ስሙ በድርጅታችን ስም የሚጀምር ፓኬጅ ልለቅ ስል ስህተት 402፣ ክፈል አለኝ። ነፃ አልነበረም እንዴ?»

የክፍያ ፓኬጅ ለመልቀቅ ክፍያ መጠየቅ! ነፃ ነው፤ እንዲህ ያሉ ስሞችን ኤንፒኤም የግል አድርጎ ስለሚወስዳቸው ነው። በመጀመሪያው ልቀት ላይ አክሰሱን ፐብሊክ በለው፣ ያልፍልሃል።