የጊት ኦፕሽኖችና የሰረዝ ነገር፦ ጥያቄና መልስ

የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዘውን ጊትን ከተርሚናል (ትእዛዝ ከሚተየብበት መስኮት) የምትጠቀሙ ስለ ኦፕሽን (ከትእዛዝ ጋር በሰረዝ ስለሚጨመር ምርጫ) አጻጻፍ ያነሳችኋቸው ጥያቄዎች እነሆ። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ። ስትተይቡ ግን ያው በላቲን ፊደል ነው።

ጥያቄ፦ አንዳንዴ አንድ ሰረዝ፣ አንዳንዴ ሁለት። ልዩነቱ ምንድነው?

መልስ፦ አንድ ሰረዝ ለአንድ ፊደል፣ ሁለት ሰረዝ ለሙሉ ቃል። በቃ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ኮሚት ሲያደርግ (ለውጡን በጊት ሲመዘግብ) «ኤ» እና «ኤም»ን በአንድ ሰረዝ አጣብቆ ይጽፋል። እኔ «ኤም»ን አስቀድሜ ስሞክር ስህተት አለኝ። ለምን?

መልስ፦ ማጣበቅ ይቻላል፣ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። «ኤ» ብቻዋን ትቆማለች፣ «ኤም» ግን መልእክት ትፈልጋለች። እንዲህ ዓይነት ፊደል ከኋላው የተለጠፈውን ሁሉ የራሱ ያደርገዋል። አንተ ስትገለብጠው መልእክትህ «ኤ» የምትል አንዲት ፊደል ሆነች። በጥቅስ ውስጥ የጻፍከውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ጊት የፋይል ስም ነው ብሎ ፈለገው፤ አጣው፤ ጮኸብህ። ተከታይ የሚፈልገውን ፊደል ሁሌም መጨረሻ ላይ አድርገው።

በዚሁ ሕግ ከሄድን የመጨረሻውን ኮሚት የሚያስተካክለውን «አሜንድ»ን በአንድ ሰረዝ የጻፈ ሰው «ኤንድ» የሚል መልእክት ያለው አዲስ ኮሚት መፍጠር ነበረበት። ደግነቱ ጊት ይህቺን ያውቃታል። «በሁለት ሰረዝ ማለትህ ነው?» ብሎ ያስቆምሃል።

ጥያቄ፦ «ኤን» ማለት «ሞክረው እንጂ አታድርገው» ማለት ነው አይደል?

መልስ፦ አድ (ለውጥን ለኮሚት ማዘጋጃ)፣ ክሊን (ጊት የማይከታተላቸውን ፋይሎች ማጥፊያ) እና ፑሽ (ኮሚቶችን ወደ ሌላ ማከማቻ መላኪያ) ላይ አዎ። ምን ሊደረግ እንደነበር ያሳይሻል፣ ምንም ነገር አይነካም። ኮሚት ላይ ግን እንዳትሸወጂ! እዚያ «ኤን» ከኮሚት በፊት የሚሮጡትን የፍተሻ ስክሪፕቶች ዝለልና አስገባ ማለት ነው። ለሙከራ ብለሽ የጻፍሽው ሳይፈተሽ ይገባል። ሎግ (የኮሚቶች ታሪክ ማሳያ) ላይ ደግሞ ከቁጥር ጋር ሆኖ «ይህን ያህል ኮሚት ብቻ አሳየኝ» ይላል። ሜርጅ (ብራንቾችን፣ ማለትም የተለያዩ የሥራ መስመሮችን ማዋሃጃ) ላይ መጨረሻ ላይ የሚወጣውን የለውጥ ማጠቃለያ ይደብቃል።

«ፒ»ም ያው ነው። ሎግ ላይ የተለወጡትን መስመሮች ያሳያል፣ አድ ላይ ለውጡን ቆራርጦ «ይቺን ላስገባ?» እያለ ይጠይቅሻል። በኔ እይታ የጊት ትልቁ ጣጣ ይሄ ነው፦ ፊደሉ የትእዛዙ እንጂ የጊት አይደለም። ከአንዱ ትእዛዝ የለመድሽውን ወደ ሌላው ይዘሽ አትሂጂ። ከተጠራጠርሽ የሙከራውን «ኤን» ረጅም ስም፣ «ድራይ ረን» ብለሽ ሙሉውን ጻፊው።

ጥያቄ፦ «ትልቁ ሲ» አንዴ ከኮሚት በፊት፣ አንዴ ከኮሚት በኋላ ተጽፎ አየሁ። ቦታው ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ በጣም። «ጊት» ከሚለው ቀጥሎ፣ ከትእዛዙ በፊት ከመጣ የጊት የራሱ ነው፤ «መጀመሪያ ወደዚህ ፎልደር ሂድ» ይላል። ከኮሚት በኋላ ከመጣ የሌላ ኮሚትን መልእክት ወስዶ ይጠቀማል።

ጥያቄ፦ ምንም ቃል ሳይከተላቸው ባዶ የሚቆሙት ሁለት ሰረዞችስ?

መልስ፦ አጥር ናቸው። ከነሱ ወዲህ ያለው ኦፕሽንና ብራንች ነው፣ ወዲያ ያለው የፋይል ስም ብቻ። «ቴስት» የሚባል ብራንችም ፎልደርም ካለህ፣ ሎግ የትኛውን እንደፈለግክ ስለማያውቅ እምቢ ይላል። ሁለቱን ሰረዞች ከስሙ በፊት ካደረግክ ፎልደሩ፣ ከስሙ በኋላ ካደረግክ ብራንቹ ነው። ስሙ በሰረዝ የሚጀምር ፋይልም በዚሁ ይገባልሃል።

ስክሪፕት ስትጽፍ ይህን አጥር አትርሳ፣ በተለይ የፋይሉ ስም ከተጠቃሚ የሚመጣ ከሆነ። ለምሳሌ ቼክአውት የሚባለው ትእዛዝ ብራንች መቀየሪያም የፋይል ለውጥ ማጥፊያም ስለሆነ ብዙ ሰው ይምታታበት ነበር። በ2019 የወጣው ጊት 2.23 ስዊች እና ሪስቶር የሚባሉ ሁለት ትእዛዞች ያመጣው እነዚህን ሥራዎች ለመለየት ነው።

ጥያቄ፦ ውጤቱን በቀለም ለሚያሳየው «ከለር» ኦፕሽን «ኦልዌይስ» (ሁልጊዜ) ብዬ በክፍት ቦታ ለይቼ ስሰጠው ሎግ አላውቀውም አለኝ።

መልስ፦ በእኩል ምልክት አያይዘው። ተከታይ ቃል ቢሰጠውም ባይሰጠውም የሚሠራ ኦፕሽን ሁሉ እንዲህ ነው፤ ክፍት ቦታ ካስገባህ ቀጣዩ ቃል ለብቻው ይቆጠራል። ሎግም ብራንች መስሎት ይፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ረጅሙን ስም ማሳጠርስ?

መልስ፦ ከሌላ ጋር እስካልተምታታ ይቻላል። ተርሚናል ላይ እንደፈለግሽ፣ ስክሪፕት ውስጥ ግን በፍጹም። ዛሬ ብቸኛ የሆነ ምህጻር፣ ነገ አዲስ ኦፕሽን ሲጨመር ሁለት ባለቤት ያገኛል።

ጥያቄ፦ ፑሽ ላይ «ኤፍ» ሁሉም ይጠቀማል። ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አንተ ሳታየው ሌላ ሰው ያስገባውን ሥራ ከብራንቹ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። «ፎርስ ዊዝ ሊስ» የሚለውን ጻፍ። ሪሞቱ (ፑሽ የምታደርግበት ማከማቻ) አንተ መጨረሻ ላይ ካየኸው ከተለየ ፑሹን አይቀበልም። ግን ኤዲተርህ ከጀርባ በራሱ ፌች የሚያደርግ (የሪሞቱን አዲስ ለውጥ የሚያወርድ) ከሆነ «አይተኸዋል» ብሎ ያስባል፣ ጥበቃውም ባዶ ይሆናል።

ጥያቄ፦ እርዳታ ለማየት «ኤች» ወይስ «ሄልፕ»?

መልስ፦ «ኤች» አጭር ዝርዝር እዚያው ያወጣል፣ «ሄልፕ» ሙሉውን ማኑዋል ይከፍታል። ግሬፕ (በፋይሎች ውስጥ ቃል መፈለጊያ) ላይ ግን «ኤች» ከሚፈለግ ቃል ጋር ከመጣ የፋይል ስሞቹን ደብቅ ማለት ነው፤ እርዳታ የሚሆነው ብቻውን ሲሆን ነው።