«ከማን ተወሰደ?» ብላችሁ ለምትጠይቁ ልጆቼ

«ጋሼ፣ ኦሪቱም ወንጌሉም ቁርአኑም ከጥንት አማልክት ተረት የተቀዱ ናቸው የሚሉት እውነት ነው?» ብላ የጎረቤቴ ልጅ ጠየቀችኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ጎበዝ ልጅ ናት። ስልኳ ላይ ያለው ቪዲዮ የግብፁ ሆረስ ዲሴምበር 25 ቀን ከድንግል ተወለደ፣ የሮማውያኑ ሚትራስም እንዲሁ፣ ክርስትና ሁሉንም ከነሱ ወሰደ ይላል። ቪዲዮውን መመለስ አልከበደኝም። በግብፃውያን ትረካ ኢሲስ ሆረስን የፀነሰችው ከተገደለው ባሏ ከኦሲሪስ ነው። ሚትራስ በሮማውያን ቅርጾች ላይ የሚታየው ከዓለት ሲወጣ ነው። ጌታ የተወለደበትን ቀን ደግሞ ከአራቱ ወንጌላት አንዱም አይናገርም። ይህን ቶሎ ጨረስን። ጥያቄው ግን ከቪዲዮው ይበልጣልና ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። ይህንኑ ጥያቄ ተሸክሞ የሚመልስለት ሰው ያጣ ጓደኛ ነበረኝ።

የቄስ ልጅ ነበር። ከሐይቅ ወዲያ ካለ ገጠር ዳዊት ደግሞ፣ ዜማ ጀምሮ፣ ድቁና ተቀብሎ ነው ለዘመናዊ ትምህርት ደሴ የመጣው። ሆጤ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። ቅዳሜ ነጠላውን አጥቦ ያሰጣል፤ እሑድ ገና ሳይነጋ ተነስቶ ወደ ቅዳሴ ይሄዳል። የደሴን የክረምት ጭጋግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ፊት ለፊት ያለ ሰው አያሳይም። በዚያ ጭጋግ ውስጥ እያዜመ ሲሄድ ድምፁ ብቻ ይሰማኝ ነበር። በሒሳብም ከክፍሉ አንደኛ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ተማሪ አስተምሬአለሁ፤ የእሱን ዓይነት አእምሮ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ዘመኑ 1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በየሳምንቱ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የውይይት ክበብ አለ፤ መቅረት አይቻልም። አንድ ምሽት ካድሬው ከያዘው መጽሔት ላይ ማንበብ ጀመረ። ከኦሪት በፊት ባቢሎን ውስጥ በሸክላ ላይ የተጻፈ የጥፋት ውሃ ታሪክ አለ፤ አንድ ሰው ከአምላክ ተነግሮት መርከብ ይሠራል፣ ቤተሰቡንና እንስሳቱን ያስገባል፣ መርከቡ ተራራ ላይ ያርፋል፣ ወፎች ይልካል፣ ሲወጣ መሥዋዕት ያቀርባል። አንብቦ ሲጨርስ ጓደኛዬ ዲያቆን መሆኑን ያውቅ ነበርና ስሙን ጠራው። «ተነስና መልስ። የናንተ ኖኅ ከዚህ የተሰረቀ አይደለም?» አለው። ከዚያ ወደ ሙስሊሞቹ ልጆች ዞሮ «የናንተም ኑሕ ያው ነው» አለ። ጓደኛዬ ተነሳ። ረጅም ጊዜ ቆሞ ምንም ሳይናገር ተቀመጠ። አዳራሹ ውስጥ የሳቁ ነበሩ።

በማግስቱ አገር ቤት ሄዶ አባቱን ጠየቀ። አባትየው ጥሩ ሰው ነበሩ፤ አውቃቸዋለሁ። ፈሩ እንጂ ክፋት አልነበራቸውም። «ይህን ዳግመኛ ከአፍህ እንዳልሰማ» ብቻ ብለው መለሱት። ተመልሶ ሲመጣ ልጁ ሌላ ሰው ሆኗል። እሑድ መነሳት ተወ። ከጥቂት ወራት በኋላ ትምህርቱንም ትቶ ኮምቦልቻ ወረደ። ያኔ የኮምቦልቻ መንገድ የአሰብ መንገድ ነው፤ በባቲ በኩል ተሳቢ መኪኖች ሌት ተቀን ይወርዳሉ፣ ሾፌሮቹ የሚበሉባቸው ምግብ ቤቶች መብራት አይጠፋም። የመኪና ረዳት ሆነ። ቀጥሎ አሰብ ወደብ ሥራ እንደያዘ ሰማሁ። በ1983 ከአሰብ የተፈናቀሉት ወገኖቻችን ሲመጡ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁ፤ ያየው የለም።

የሚያንገበግበኝ፣ በዚያው ሰሞን መልስ ያለው ሰው ከቤታችን ሁለት አጥር አልፎ ተቀምጦ ነበር። ከሳቁት ጋር ያልሳቀ አንድ የሼህ ልጅ ጓደኛችን ነገሩን ለአባቱ ነገራቸው። ሼሁ ቡና ላይ ነበሩ፤ አልተቆጡም። «ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የመካዎቹ ቁረይሾችም ለነቢዩ ‹የቀደሙ ሰዎች ተረት ነው› ብለዋቸው ነበር፣ ቁርአኑ ራሱ ጽፎታል» አሉት። የጠያቂዎችን ክስ መጽሐፉ ራሱ ይዞታል! ልጁ ይህን ሰምቶ በሰላም አደረ። ይህን ለእኔ የነገረኝ ግን፣ ያ ጓደኛዬ ኮምቦልቻ ከወረደ በኋላ ነው። ክርስቲያኖቹም ቢሆኑ ጥያቄውን ከጥንት ያውቁታል፤ በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ስለ ግሪክ አማልክት ታሪኮችና ስለ ክርስቶስ መመሳሰል በግልጽ ጽፏል።

ካድሬው የጠቀሰውን የሸክላ ሰሌዳ ሙሉውን ያነበብሁት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ካድሬው የተናገረው ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር። ጊልጋሜሽ የተባለው የባቢሎን ጀግና ታሪክ አሥራ አንደኛው ሰሌዳ ነው። የተገኘው ነነዌ፣ በአሦሩ ንጉሥ አሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት ፍርስራሽ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ የወሎ ልጆች ልብ በሉ፤ ያንን ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1853 ያስቆፈረው የሞሱሉ ተወላጅ ሆርሙዝድ ራሳም፣ በኋላ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ መጥቶ አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ እኛ አገር መቅደላ ላይ ያሰሩት ሰው ነው። ሰሌዳውን ያነበበው ደግሞ ጆርጅ ስሚዝ ነው። የባንክ ኖት ቅርጽ ቀራጭ ነበር፤ በምሳ ሰዓቱ ብሪቲሽ ሙዚየም እየገባ የአሦራውያንን ጽሑፍ ራሱን አስተማረ። ግኝቱን ለሕዝብ ያሰማው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። ዓመታት ለፍቶ ያገኘውን እናንተ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ጨርሳችሁ «ገባኝ» ስትሉ ያመኛል፤ አልደብቃችሁም።

ካድሬው ያላነበበው ይህን ነበር። ውሃው ሲመጣ አማልክቱ ራሳቸው ፈርተው እንደ ውሻ ግድግዳ ሥር ይኮማተራሉ። መሥዋዕት ሲቀርብላቸው እንደ ዝንብ ይከቡታል። ከጊልጋሜሹ ሰሌዳ በሚቀድመው በአትራሃሲስ ታሪክ ጥፋቱ የመጣው የሰው ልጅ ጫጫታ ኤንሊል የተባለውን አምላክ እንቅልፍ ስለነሳው ነው። በዘፍጥረት ግን ምድር በግፍ ስለተሞላች ነው። የባቢሎኑ ሰው መጨረሻ ላይ ዘላለማዊ ሕይወት ተሰጥቶት ከሰው ተለየ፤ ኖኅ ሟች ሆኖ ቀረ፣ የተሰጠው ቃል ኪዳንና የሰው ደም እንዳይፈስ የሚል ሕግ ነው። እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ ስርቆት አይደለም። ሁሉም የሚያውቀውን ታሪክ አንስቶ ስለ እግዚአብሔርና ስለ ፍትሕ ሌላ ነገር የተናገረ ሰው ታየኝ። ይህን አንድ ገጽ ለዚያ ልጅ ማሳየት ብችል ኖሮ!

ቪዲዮው ሐሰት ነው ስላልሁ ግን ምንም አልተወሰደም ማለቴ አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌን 22ኛው ምዕራፍ ቁጥር 17 ላይ ክፈቱና የግብፃዊውን የአመነሞፔን ምክር ከጎኑ አድርጉ። ድሃን አትቀማ፣ ከቁጡ ሰው ጋር አትወዳጅ፣ የድንበር ምልክት አትንቀል፤ አንዱ ሌላውን ይከተላል። ጀርመናዊው አዶልፍ ኤርማን እ.ኤ.አ. በ1924 ይህን ካሳየ ወዲህ አብዛኛው ምሁር ግንኙነቱን ተቀብሏል። ይህ ለምን ያስደነግጠናል? ሙሴ የግብፃውያንን ጥበብ ሁሉ እንደተማረ የሐዋርያት ሥራ ይናገራል። ሰሎሞንን ሲያመሰግን መጽሐፈ ነገሥት የግብፅን ጥበብ ለማነጻጸሪያ ያቀርባል። ይህን ነገር የሚፈራው መጽሐፉ ሳይሆን እኛ ነን።

ደግሞ የእኛ አገር በዚህ ጥያቄ ውስጥ ተመልካች አይደለችም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተረፈው በግዕዝ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1773 ነው። በኋላ በሙት ባሕር አጠገብ ቁምራን ዋሻ ውስጥ የአረማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኙ። እዚያው ከሄኖክ ጋር በሚዛመደው የረዓይት (የግዙፋኑ ሰዎች) መጽሐፍ ቁርጥራጭ ላይ ጊልጋሜሽ በስሙ ተጠርቷል። አይሁዶች የባቢሎንን ጀግና ያውቁት ነበር ማለት ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሄዳችሁ የብራና መጻሕፍቱን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከደሴ ሩቅ አይደለም። ብዙዎቻችሁ ሐይቅን የምታውቁት በዓሣው ነው።

እንግዲህ «ተመሳሰለ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ የትኛው በጽሑፍ ይቀድማል፣ ከዚያ ወደዚህ በምን መንገድ ደረሰ፣ ሲደርስስ ምን ተለወጠ ብላችሁ ያዙት። ከጥንቱ የፋርስ የዞሮአስተር እምነት የተወሰደ ነው የሚባለውን ጭምር እንዲሁ መርምሩ፤ አይሁድ በፋርስ ሥር እንደኖሩ እርግጥ ነው፣ ዛሬ በእጅ ያሉት የእምነቱ መጽሐፍ የአቬስታ ቅጂዎች ግን ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት የዘገዩ ናቸው። አታነቡም ብዬ ወቀስኋችሁ እንጂ በአንድ ነገር ከእኛ ትበልጣላችሁ፤ ጮክ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንና ኡስታዞች ይህን ካነበባችሁ፣ እባካችሁ ልጆቹን አትቆጡ።

ያ የሼህ ልጅ ዛሬ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው፤ በዚህ ጉዳይ እስካሁን አልተስማማንም። እሱ «ኑሕ በእውነት ነበር፤ ባቢሎኖች የነቢዩን ታሪክ አበላሽተው ያዙት። ሁለት ሰዎች አንድ ጎርፍ አይተው ቢያወሩ አንዱ ከሌላው ቀዳ ትላለህ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ የመሥዋዕቱ መዓዛ ወደ ላይ ወጥቶ በሰሌዳውም በዘፍጥረትም መሽተቱን አነሳበታለሁ፤ ይህ ጎርፉን ያየ ሰው የሚያየው ነገር አይደለም፣ ከተራኪ ወደ ተራኪ የሚተላለፍ ነው። እሱም «መዓዛው በቁርአን የለም» ብሎ ይመልስልኛል፤ ለዚህ ገና መልስ እያዘጋጀሁ ነው።