ስለ ሶሌታ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ዛሬ ሥራ ስለሌለ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ብዙ ዓመት ሶሌታ፣ ማለትም የፎቅ ወለል አርማታ፣ ሳስሞላ ነው የኖርኩት።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ የሶሌታ ዓይነት ስንት ነው? ለእኔ ሁሉም ጠፍጣፋ አርማታ ነው።

መልስ፦ ከታች ቀና ብለህ ስታየው አዎ። ልዩነቱ ሸክሙ ወደ ኮለን (ቋሚው ምሰሶ) የሚወርድበት መንገድ ነው። ቢም (አግድም ተሸካሚው) ላይ የሚያርፍ አለ፣ ያለ ቢም ቀጥታ ኮለን ላይ የሚያርፍ አለ፣ በመሃሉ ብሎኬት ተደርድሮ የሚሞላ አለ፣ ፋብሪካ ተመርቶ በክሬን የሚወጣም አለ።

ጥያቄ፦ ዋን ዌይ፣ ቱ ዌይ የሚሉት ምንድነው?

መልስ፦ በአራት ቢም የታጠረ ወለል አስብ። 3 በ8 ሜትር ከሆነ ሸክሙ በአጭሩ በኩል ይሄዳል፣ ዋናው ፌሮም (አርማታ ውስጥ የሚገባው ብረት) በዚያው አቅጣጫ ይተኛል። ዋን ዌይ ይሄ ነው። 5 በ6 ከሆነ ግን በሁለቱም ይከፋፈላል። ረጅሙን ለአጭሩ ስታካፍል ከ2 በላይ ከመጣ ዋን ዌይ ነው። በሌላኛው አቅጣጫ ፌሮ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም፤ ኮንክሪቱ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ የሚይዘው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ብሎኬት ያለበት ሶሌታ ደካማ አይደለም?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ኮንክሪት ሲጨመቅ ጎበዝ፣ ሲሳብ ሰነፍ ነው። ሶሌታ መሃሉ ላይ ሲጎብጥ የታችኛው ክፍል ይሳባል፣ እዚያ የሚሠራው ፌሮው ነው። እና ሥራ የፈታውን ኮንክሪት አውጥተህ ቀለል ያለ ብሎኬት ትከታለህ። 15 ሳንቲ ሙሉ አርማታ በካሬ ወደ 375 ኪሎ ይመዝናል፤ ሕንፃው በሙሉ ያንን ይሸከማል እኮ። ከባድ ነገር ለማንጠልጠል ግን ብሎኬቱን እንዳትበሳው።

ጥያቄ፦ ያለ ቢም የሚሠራውስ? በጣም ያምራል።

መልስ፦ ያምራል፣ ለካሳፎርማም (አርማታው እስኪጠነክር ለሚይዘው ሻጋታ) ለቧንቧ ዝርጋታም ይመቻል። ችግሩ ኮለኑ አናት ላይ ነው። ሸክሙ ሁሉ እዚያች ጠባብ ቦታ ስለሚሰበሰብ ኮለኑ ሶሌታውን በስቶ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ነው ኮለኑ ዙሪያ ሶሌታውን የሚያወፍሩት። በ1995 እ.ኤ.አ. ሴኡል ውስጥ የተደረመሰው ሳምፑንግ የገበያ ሕንፃ እንዲህ ዓይነት ሶሌታ ነበረው፤ ኮለኖቹ ቀጥነው ተሠርተዋል፣ ጣሪያው ላይ ከባድ ማቀዝቀዣዎች ተጭነው ነበር። 502 ሰው አለቀ። እና እባካችሁ፣ ለቧንቧ ብላችሁ ኮለን አጠገብ አትብሱ።

ጥያቄ፦ ፖስት ቴንሽን?

መልስ፦ ውስጡ የብረት ገመድ ተወጥሮበታል። ረጅም ርቀት በቀጭን ሶሌታ ትሻገርበታለህ። ገመዱ የት እንዳለ ሳታውቅ ድሪል አታስነሳ።

ጥያቄ፦ ተንጠልጥሎ የሚወጣ በረንዳ ላይ ዋናው ፌሮ ከላይ ነው ከታች? የእኛ ፎርማን ከታች ይላል።

መልስ፦ ከላይ! በረንዳ ጫፉ ወደ ታች ስለሚጎብጥ የሚሳበው ላይኛው ነው። ፕላኑ ልክ ሆኖም ሙሌት ቀን ይበላሻል። አንድ ጊዜ ልጆቹ ባልዲ ይዘው በረንዳው ፌሮ ላይ ሲመላለሱ ዝም ብዬ አይቼ በኋላ ሜትር ሳስገባ፣ ከካሳፎርማው 10 ሳንቲ ከፍ ማለት የነበረበት ፌሮ 7 ላይ ተኝቷል። 3 ሳንቲ ምን አላት ትላለህ፤ ከአቅሙ ሲሶ ያህሉ ሄደ ማለት ነው። አስቁሜ ሁሉንም አስነሳሁት፣ ከስሩም ከፌሮ የታጠፈ መቀመጫ አስገባን፣ ፎርማኑ ሁለት ቀን አላናገረኝም።

ጥያቄ፦ ከሶሌታው ስር ያቆምነውን ድጋፍስ ከየት ጀምረን እናንሳ?

መልስ፦ መቼ የሚለውን የኮንክሪቱን ጥንካሬ ያየው መሐንዲስ ይንገርህ። ሁለት ጎኑ ያረፈ ከሆነ ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር ሂድ። በረንዳ ከሆነ ከጫፉ ጀምረህ ወደ ቢሙ።