ተነሣበት ወይስ ስኳሩ ወርዶ ነው?

ጥያቄ፦ ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። ለስኪዞፍሬንያ ኦላንዛፒን ይወስዳል፤ ድምፅ መስማቱ ከቀረለት ቆይቷል። አምና ስኳር ተገኘበትና ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ታዘዘለት። አሁን ከአልጋ አይወርድም፤ ተክለ ሃይማኖት ሰንበቴ መሄዱን ትቷል፣ እድርም አይወጣም። በጾም ደግሞ 8 ሰዓት ገደማ ላብ ያጠምቀዋል፣ ይነጫነጫል፣ ንግግሩ አይያያዝም። ጎረቤቱ «ተነሣበት» ይላል። ምን ይሻላል?
እህቱ፣ ከጎንደር አዘዞ

መልስ፦ እህታችን፣ የጾሙን እናስቀድም፤ የሚያሰጋው እሱ ነው። ግሊቤንክላማይድ ሰው በላም አልበላም ስኳር ያወርዳል። ጠዋት ውጦት እስከ 9 ሰዓት እህል ካልቀመሰ ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ላቡም መቀባጠሩም ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ወዲያው ለኩት። መለኪያ ከሌለ አትጠብቁ፤ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት። በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ድገሙ፤ ሲሻለው ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ ሆስፒታል አድርሱት። ጾሙን ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም። የኪኒኑን ሰዓትና መጠን የሚያስተካክለው ግን ሐኪሙ ነው።

የመተኛቱ ምክንያት ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል። ኦላንዛፒን ያስተኛል፤ ጠዋት የሚወስደው ከሆነ ወደ ማታ ይዛወር እንደሆነ ጠይቁ። ውሃ የሚያበዛ፣ ሌሊት ለሽንት የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ስኳሩ ከፍ ብሎ ይሆናል፤ በባዶ ሆድ ይለካ። ይህ ሁሉ ከሌለ ፍላጎት ማጣቱ የስኪዞፍሬንያው ሊሆን ይችላል። ይሰማው የነበረው ድምፅ ከጠፋ በኋላም ይቆያል፤ ስንፍና ብላችሁ አትቆጡት። ኦላንዛፒን ክብደትና ስኳር ይጨምራል መባሉ እውነት ነው፤ ቢሆንም በራሳችሁ ካቋረጣችሁት ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል።

የአእምሮና የስኳር ሐኪሞቹ አንዱ ሌላው ያዘዘውን ላያውቅ ይችላል። የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን በአንድ ደብተር ጽፋችሁ በየቀጠሮው ያዙ።

«ተነሥና ውጣ» አይሠራም፤ ከየት እንደሚጀምር አይነግረውም። «እግርህን ታጠብ» በሉት፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት። ሲታጠብ በጣቶቹ መካከል ቁስል ፈልጉ፤ ስኳር እግርን ሲያደነዝዝ ሕመሙ አይሰማም። ይህን ሲለምድ የእድሩን መዋጮ ከፍሎ ይመለስ፤ ስብሰባ መቀመጡ ኋላ ይደርሳል። ሰንበቴ ሲሄድ ጠላው ይቅርበት፤ አልኮል ከግሊቤንክላማይድ ጋር ስኳሩን ይበልጥ ያወርደዋል። ዳቦውን ግን ይብላ።