ባንኮኒ ጀርባ ለቆማችሁ ወጣቶች፦ ስለ ቦርበንና ስለ ውኃው

ውድ ልጆቼ፣

በዋሽንግተን ሆቴሎችም ሆነ በአዲስ አበባ ባሮች የኮክቴል ሙያ የጀመራችሁ ሁሉ፣ ዕድሜዬን የሰጠሁትን ሥራ ስለወደዳችሁ ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችሁ በሽሮፑ፣ በማስዋቢያውና በሼከሩ አያያዝ ላይ ስትደክሙ አያለሁና፣ ስለ ውስኪው ራሱ፣ በተለይም ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋው ውኃ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ቦርበን በሕግ የታጠረ የአሜሪካ ውስኪ ነው። በአሜሪካ ምድር መሠራት፣ ከእህሉም ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት፤ የሚቀመጠውም ውስጡ በእሳት እንዲከስል በተደረገ አዲስ የኦክ በርሜል ነው። ቀለም ወይም ማጣፈጫ መጨመር ክልክል በመሆኑ፣ ያ የምታዩት ቡናማ ቀለምና ከቫኒላና ከተቃጠለ ስኳር ጋር የሚመሳሰለው ጣዕም የሚመጣው ከእንጨቱ ነው፤ በወይራ የታጠነ ጋን ለጠላ የሚሰጠውን ቃና የምታውቁ ይህን ለመረዳት አትቸገሩም።

የተፈቀደው ጭማሪ ውኃ ብቻ ነው። ውስኪው በርሜል ሲገባ አልኮሉ ከ62.5 በመቶ መብለጥ፣ ጠርሙስ ሲገባ ደግሞ ከ40 በመቶ ማነስ የለበትም። እስከዚያ ድረስ ውኃውን የሚለካው ፋብሪካው ሲሆን፣ የመጨረሻውን ውኃ ግን በበረዶ አማካይነት የምትለኩት እናንተ ናችሁ። በ1806 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ግዛት በሃድሰን ከተማ የታተመ ጋዜጣ ኮክቴል ምን እንደሆነ ሲያስረዳ፣ ከአልኮሉ፣ ከስኳሩና በጠብታ ከሚጨመረው መራራ የቅመም ቅምም (ከቢተርሱ) ጋር ውኃን በስሙ የጠራው በከንቱ አይመስለኝም።

ኦልድ ፋሽንድ የተባለውን ኮክቴል ስትሠሩ ይህን በግልጽ ታዩታላችሁ። አንዱን ኩብ ስኳር በሁለት ሦስት ጠብታ አንጎስቱራ ቢተርስ አርሳችሁ አሟሙት፤ 60 ሚሊ ሊትር ቦርበን ጨምሩበትና በትልቅ በረዶ ቀስ ብላችሁ አማስሉት፤ እያማሰላችሁም በማንኪያ ጫፍ ቅመሱ። መጀመሪያ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፣ ቆይቶ ይለዝብና በቆሎውም እንጨቱም ለየብቻ ይታወቃሉ፤ ከዚያ ካለፈ ግን ይቀጥንባችኋልና እዚያው ላይ አቁሙ። ተሰባብሮ መቅለጥ የጀመረ በረዶ ይህን ጊዜ አይሰጣችሁም። የብርቱካኑን ልጣጭ ዘይቱ በመጠጡ ላይ እንዲረጭ አድርጋችሁ ጨምቁት።

ሚንት ጁሌፕ የተባለው የቦርበንና የናና ኮክቴል በተፈጨ በረዶ ስለሚቀርብ ቶሎ ይቀጥናል። ለእርሱ እኔ የምመርጠው በ1897 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ቢያንስ አራት ዓመት በርሜል ውስጥ ቆይቶ በ50 በመቶ የታሸገውን ቦርበን ነው፤ ናናውንም ከቀጠቀጣችሁት ስለሚመር ጫን ጫን ብቻ አድርጉት። ውስኪ፣ ሎሚና ስኳር ለሚቀላቀልበት ለውስኪ ሳወር በዕለቱ የተጨመቀ ሎሚ ተጠቀሙ።

ዕድሜው የገፋ ቦርበን በሎሚና በሽሮፕ ሲሸፈን ማየት ያሳዝነኛል። እንግዳ እንዲህ ያለውን ሲያዝ ብቻውን ቅዱለትና ንጹሕ ውኃ በትንሽ ማንቆርቆሪያ አጠገቡ አኑሩለት፤ ስንት ጠብታ እንደሚጨምር ራሱ ይወስን።