ብሎን እጃቸው ላይ ለሚቆረጥባቸው ወጣት መካኒኮች

ውድ ልጆቼ፣

ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ተሳቢ ባለፈ ቁጥር የጣሪያው ቆርቆሮ በሚንቀጠቀጥ ጋራዥ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ሞተር ተበትኖ መሬት ላይ ሲዘረጋ ምንም የማይመስለው ረዳት፣ አንድ ብሎን እጁ ላይ «ቀጭ» ብሎ ሲቆረጥ ክው ሲል በዚህ ሁሉ ዘመን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መደንገጡ አያስወቅስም፤ የሚያስወቅሰው ከድንጋጤው በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች የሚሠራው ሥራ ነው። የብሎን መቆረጥ በራሱ ቀላል ጉዳት ሲሆን፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) የሚያስወርደውንና ባለመኪናውን ሥራ የሚያስፈታውን ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የምናደርሰው ቁራጩን ለማውጣት ስንጣደፍ እኛው ነን።

ይህን የምላችሁ በራሴ ስለደረሰ ነው። ገና ረዳት ሳለሁ በአንድ ላዳ ታክሲ ላይ የጭስ ማውጫውን ማኒፎልድ የሚይዘው ፕሪጆነር (ራስ የሌለው ብሎን) ከቴስታታው ፊት ጋር እኩል ሆኖ ተቆረጠብኝ። የላዳ ሞተር ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው ግን አሉሚኒየም ነው፤ ይህን ባውቅም በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም። አለቃዬ ምሳ ወጥተው ስለነበር ሳይመለሱ ልጨርሰው ብዬ፣ መሐሉን በቡሊኖ (ነጥብ ማውጫ ሹል ብረት) እንኳ ሳልመታ በትራፓኖ መብሳት ጀመርኩ፤ ፑንታው (መብሻው ጫፍ) ከጠንካራው ብረት ሸሽቶ ወደ ለስላሳው አሉሚኒየም ተንሸራተተ። በተንጋደደው ቀዳዳ ውስጥ ኤክስትራክተር (የቁራጭ ብሎን ማውጫ) በመዶሻ አስገብቼ፣ ቁልፉን በቧንቧ አስረዝሜ ስጠመዝዘው ኤክስትራክተሩም እዚያው ተሰበረ። ኤክስትራክተር እጅግ ጠንካራ ከሆነ ብረት ስለሚሠራ ጋራዥ ውስጥ ያለ ተራ ፑንታ አይበሳውም። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት (ብረት መቁረጫ ቤት) ሄደ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (የቴስታታ ማሸጊያ) ተገዛ፣ ባለታክሲውም ለስድስት ቀን ጠዋት ጠዋት እየመጣ በራችን ላይ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። አለቃዬ አልተቆጡኝም። «ብሎኑ ከመቆረጡ በፊት ነግሮህ ነበር፤ አልሰማኸውም» ብቻ አሉኝ።

እውነትም ብሎን ይናገራል። የዛገ ብሎን ሲፈታ መጀመሪያ ጠንክሮ ይቆይና ድንገት «ጭር» ብሎ ይለቃል፤ ይህ መልካም ድምፅ ነው። ሊቆረጥ የተዘጋጀው ግን ሳይጮኽ፣ ቁልፉ እንደ ማስቲካ እየተሳበ ይዞርላችኋል፤ ራሱ ሩብ ዙር ሲሄድ ሥሩ ከቦታው አልተነቃነቀም፣ መሐሉ ላይ እየተጠመዘዘ ነው ማለት ነው። ይህ ልስላሴ እጃችሁ ላይ እንደ ተሰማ ቁልፉን አቁሙ። ትንሽ ወደ ማጥበቂያው መልሱት፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ስጡት፣ የብሎኑን ራስ በመዶሻ ደጋግማችሁ በልኩ ምቱት፣ ከዚያ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ በጥቂት በጥቂቱ ፍቱት። ሥራው ለነገ ቢያድር የሚሻል ከሆነ ለባለመኪናው ነግራችሁ አሳድሩት፤ ዘይት ሌሊቱን ሲሰርግ ያደረ ብሎን ጠዋት የሚያሳየው ጠባይ ሌላ ነው።

በእኛ አካባቢ ብሎን የሚጣበቅባቸው ምክንያቶች ብዙም የተሰወሩ አይደሉም። ብዙ አሽከርካሪ ራዲያተሩን በኩላንት ፈንታ በቧንቧ ውኃ ስለሚሞላ የቴርሞስታትና የውኃ ፓምፕ ብሎኖች ከውስጥ ይዝጋሉ። የጭስ ማውጫ ብሎን ደግሞ በየቀኑ ሲግልና ሲቀዘቅዝ እየዛገ ይኖራል። ከጅቡቲ ወደብ የሚመላለሱት ከባድ መኪናዎች የባሕሩን ጨው ይዘው ይመጣሉ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ቀድሞን የነካው መካኒክ በቧንቧ አስረዝሞ ያጠበቀው ብሎን ነው።

ከተቆረጠ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ቁራጩን በባትሪ መብራት አይቶ ለምን እንደ ተቆረጠ መመርመር ነው። ብሎኑ የተቆረጠው ሲጠብቅ ከሆነ፣ ራሱ ሲሄድ ይስበው የነበረው ኃይልም አብሮ ስለሚለቅ፣ ውስጥ የቀረው ቁራጭ ብዙ ጊዜ ላላ ብሎ ይገኛል፤ ጠርዙን በሹል ነገር ወደ ግራ መታ መታ ስታደርጉት አንዳንዴ በጣት የሚወጣበት ጊዜ አለ። የተቆረጠው ሲፈታ ከሆነ ግን ሥሩ በዝገት ተይዟል፤ እዚህ ላይ ነው ኤክስትራክተርን እንዳትቸኩሉበት የምለምናችሁ። ሙሉው ብሎን ያልቻለውን ኃይል በብሎኑ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ከብሎኑ የቀጠነ መሣሪያ እንዴት ይችለዋል? ኤክስትራክተር ላላ ላለ ቁራጭ ጥሩ ነው፤ ለተጣበቀ ግን ችግር ላይ ችግር ነው።

ጫፉ ከፍ ብሎ የቀረ እንደ ሆነ በጥርስ የሚይዝ ጠንካራ ፒንሳ ይበቃው ይሆናል። እኩል ሆኖ ወይም ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ከቀረ እኔ በግሌ የማስቀድመው ብየዳን ነው። በቁራጩ ላይ ዳዶ (የብሎን ማሰሪያ) አስቀምጣችሁ በዳዶው ቀዳዳ መሐል ለመሐል ትሞሉታላችሁ፤ የብየዳው ብረት ከአሉሚኒየም ጋር ስለማይጣበቅ በቴስታታው ጥርስ (ብሎኑ በሚይዝበት ጠመዝማዛ መስመር) ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው፣ ሙቀቱ ራሱም ዝገቱን ይሰብርላችኋል። ሞቅ እንዳለ አትጠምዝዙት፤ የጋለው ቅላት ጠፍቶ ጥቂት እስኪቀዘቅዝ ጠብቁና በቁልፍ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። መጀመሪያ ሙከራ ላይ ዳዶው ብቻ ተገንጥሎ ቢወጣ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሦስት አራት ጊዜ በድጋሚ በይጄ ያወጣሁት አለ። ከመበየዳችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ የብየዳውንም ማሳ (የመመለሻ ገመዱን መቆንጠጫ) ከቁራጩ አጠገብ ያዙ፤ በኮምፒውተር በሚሠራ መኪና ላይ ይህን መርሳት ከብሎኑ መቶ እጥፍ የሚያስከፍል ስህተት ነው።

በችቦ ስታሞቁም የምታሞቁት ብሎኑን ሳይሆን ዙሪያውን መሆኑን አስታውሱ። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሆነ ቀዳዳው ከብሎኑ ይልቅ ይሰፋል። ዳሩ ግን አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ መልኩን ሳይለውጥ ንጹሑ 660 ዲግሪ ላይ፣ የቴስታታው ቅይጥ ደግሞ ከዚያም በታች ይቀልጣል። እሳቱን አንድ ቦታ ላይ አታቁሙት። (ፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ በተረጨበት ቦታ ላይ ደግሞ ፈጽሞ እሳት አታቅርቡ፤ ክሎሪን ያለበት ዓይነት ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ነው።)

መብሳት ግድ ከሆነ ከጠቅላላው ሥራ ግማሹ ከመብሳት በፊት ያለው ነው። የቁራጩን ፊት በሊማ ወይም በትንሽ ድንጋይ አስተካክሉ፣ መሐሉን ለክታችሁ በቡሊኖ ምቱ፣ ያንንም ነጥብ ራቅ ብላችሁ ከሁለት አቅጣጫ ተመልከቱት። በመጀመሪያ 3 ሚሊ ሜትር ፑንታ፣ በዝግታ፣ ዘይት እየጨመራችሁ። ቁራጩ ከተቀበረ፣ ውጭው በቀዳዳው ልክ የሆነ፣ ውስጡ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር የተበሳ ትንሽ መሪ ቡሽ (ቱቦ መሰል ብረት) ቶርኖ ቤት አስወጡ፤ ፑንታው መንገድ አይስትም። ወደ ግራ የሚዞር ፑንታ ካገኛችሁ ግዙት፤ ብዙ ጊዜ ስትበሱት ቁራጩ ራሱ ተሽከርክሮ ይወጣል። ለኤም 8 ብሎን (ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ለሆነው) ቀስ በቀስ እስከ 6.5 ሚሊ ሜትር ድረስ መሐሉን ከጠበቃችሁ፣ የቀረው እንደ ቀጭን ጠመዝማዛ ሽቦ በጫፍ ተይዞ ይወጣል፤ የመጀመሪያ ጊዜ ያን ሽቦ ሳወጣ ያገኘሁትን ደስታ ዛሬም አልረሳውም።

አሁን ስለ ጥርሱ ልንገራችሁ። ጥርሱ ከቆሸሸ ብቻ ማጽዳት እንጂ መቁረጥ አያስፈልገውም፤ የሚቆርጥ ማስኪዮ (ጥርስ ማውጫ) በደህና ጥርስ ውስጥ ስታስገቡ ደህናውን ትቀንሳላችሁ። ጥርሱ ተበልቶ ብሎኑ ያለ መያዣ የሚዞር ከሆነ ግን፣ በአንዳንድ ጋራዥ እንደማየው ቀጭን ሽቦ ጠቅልሎ ወይም ማጣበቂያ ቀብቶ መመለስ ባለመኪናውን ማታለል ነው። መፍትሔው ሄሊኮይል የምንለው ከማይዝግ ሽቦ የተጠመዘዘ ጥርስ ነው። ለኤም 8 ባለ 1.25 ጥርስ (ከጥርስ ጥርስ ርቀቱ 1.25 ሚሊ ሜትር ለሆነው) ቀዳዳውን ወደ 8.3 ሚሊ ሜትር ታሰፉታላችሁ፣ ከዕቃው ጋር አብሮ በመጣው በራሱ ማስኪዮ ጥርስ ታወጣላችሁ፣ አሉሚኒየም ላይ ከሆነም ነጭ ጋዝ ጠብ እያደረጋችሁ። ማስኪዮውን ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ወደ ኋላ፤ ፍቅፋቂው ሲበዛ አውጥታችሁ አጽዱት። ሽቦው ከፊቱ ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ጠለቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ከሥሩ ያለችውን ጅራት ሰብራችሁ አውጧት። በአሉሚኒየም ላይ በትክክል የገባ ሄሊኮይል ጥርሱ የሚይዘው የአሉሚኒየም ስፋት ስለሚጨምር ከቀድሞው የበለጠ ይጸናል። ለካንዴላ (የነዳጅ ማቀጣጠያ) ቀዳዳ ግን እኔ ከሽቦው ይልቅ ሙሉ ቡሽ እመርጣለሁ፤ በዚያ ሥራ ላይ ማስኪዮውን ግሪስ ቀቡት፣ ፍቅፋቂው ሲሊንደር ውስጥ እንዳይወድቅ።

ስለ ልክ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከጠገንናቸው ጥርሶች ብዙዎቹ የተበሉት በዕድሜ ሳይሆን ያለ ልኩ በገባ ብሎን ነውና። በጋራዥ ብሎንን በቁልፉ ቁጥር መጥራት ለምደናል፤ «12 ስጠኝ»፣ «13 ስጠኝ» እንላለን። በጃፓን መኪና 12 ቁልፍ የሚገባበትም፣ በአውሮፓ መኪና 13 የሚገባበትም ብዙውን ጊዜ ያው ኤም 8 ነው። ኤም 10 ላይ ደግሞ የጃፓኑ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ 1.25፣ የአውሮፓው 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንዱ በሌላው ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ ሲይዝ «ደርቋል» ብሎ በቁልፍ የሚገፋው ሰው ጥርሱን እያረሰው ነው። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ስትገዙ አሮጌውን ብሎን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጥርሱን በጥርሱ ላይ አጋጥሙት፣ ራሱ ላይ የጥንካሬውን ደረጃ የሚያሳይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ምልክት መኖሩንም እዩ። ምንም ያልተጻፈበትን ሞተር ላይ አታስገቡት።

ስትመልሱ ብሎኑን በጣታችሁ ጀምሩት፤ በጣት ካልገባ ችግር አለ። ማስወጫ የሌለው ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም ውኃ ተቀምጦ ከቆየ ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹን የሚገፋበት ስለሚያጣ ብሎክ ሊሰነጥቅ ይችላል፤ በአየር ንፉት። ወደ ውኃ መንገድ የሚወጣ ብሎን ሲሊኮን ወይም ማሸጊያ ይፈልጋል። ማጥበቂያው ላይ የየሞተሩ መመሪያ ይቀድማል፤ መመሪያ ካጣችሁ ለ8.8 ብሎን በግምት ኤም 6 ወደ 10፣ ኤም 8 ወደ 25፣ ኤም 10 ወደ 50 ኒውተን ሜትር ነው፣ ዘይት የተቀባ ከሆነም ከዚያ ዝቅ ይላል። ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው) ውድ ነው ብላችሁ የምትተዉት ከሆነ፣ የአንድ ቴስታታ ሥራ ዋጋ ጠይቁና አወዳድሩ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ሄሊኮይል ወይም ቡሽ ያስገባችሁበትን ቀዳዳ ለባለመኪናው ንገሩት፣ በሥራ ወረቀቱም ላይ ጻፉት። ባለፈው ክረምት አንድ ሃይሉክስ የውኃ ፓምፑን ልቀይር ስፈታ፣ ከአንደኛው ቀዳዳ አጠገብ በነጭ ቀለም የተደረገች ትንሽ ነጥብ አየሁ። ብሎኑን ሳወጣ በትክክል የገባ ሄሊኮይል ነበር። ማን እንደ ሠራው አላውቅም፤ እኔ ግን ያንን ብሎን ስመልስ በእጄ ላይ ተጠንቅቄ አጠበቅኩት፣ ነጥቧም ደብዝዛ ስለነበር በአዲስ ቀለም ደገምኳት።