የሕግ አምድ፦ አደጋው እግር ሲያስቀር፣ ካሳው እንዴት ይጠየቃል?

ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ የአከርካሪ ጉዳትንና ካሳን የሚመለከቱ በመሆናቸው በዚህ እትም አንድ ላይ መልሰናቸዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ለብዙ ቤተሰብ ስለሚጠቅም ረዘም አድርገነዋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 32 ዓመቱ ነው፤ የቤት ኤሌክትሪክ ይዘረጋል። ከአራት ወር በፊት ቃሊቲ አካባቢ መንገድ ዳር ቆሞ ሳለ አይሱዙ ገጭቶት አከርካሪው ተጎዳ፤ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። ሹፌሩ በዋስ ወጥቷል። ባለመኪናው ሽማግሌ ልኮ «150,000 ብር ልስጣችሁና ፈርሙልኝ» ይላል። አባታችን «እጅ የገባ ይሻላል» እያሉን ነው። ብንፈርም ምን ይቀርብናል? ብንከስስስ? (እህት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህታችን፣ ወረቀቱን አሁን አትፈርሙ። «ከእንግዲህ የካሳ ጥያቄ የለኝም» የሚል የእርቅ ሰነድ ወንድምዎ ከፈረመ ጉዳዩ ያልቃል፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3312 መሠረት እርቅ በተስማሙት ሰዎች መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ከስድስት ወር በኋላ የአልጋ ቁስል ወጥቶ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ተመልሶ መጠየቅ የለም።

ሽማግሌዎቹን ግን አታሳፍሯቸው። ገንዘብ አሁኑኑ ካስፈለጋችሁ «ለሕክምና ወጪ በቅድሚያ የተሰጠ፣ ወደፊት ከሚወሰነው ካሳ ላይ የሚታሰብ» ተብሎ በሁለት ቅጂ ይጻፍና ተቀበሉ። ይቅርታውንና ካሳውንም ለዩዋቸው። የሹፌሩ ወገን በወንጀሉ ቅጣት እንዲቀልለት የእርቅ ወረቀት መፈለጉ ያለ ነገር ነው። «ሹፌሩን ይቅር ብለናል፤ የካሳ መብታችን እንደተጠበቀ ነው» ብላችሁ ብትጽፉ ማንንም አትበድሉም።

አሁን 150,000 ብሩን ከምን ጋር እንደምታነጻጽሩት እንይ። በቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ በቁጥር 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይከፈላል። ወንድምዎ በወር 15,000 ብር ያገኝ ከነበረ በዓመት 180,000 ብር ነው። እስከ 60 ዓመቱ ቢሠራ 28 ዓመት ይቀረው ነበርና የሥራ ችሎታውን ሙሉ በሙሉ ካጣ የቀረበት ገቢ 5,040,000 ብር ይሆናል። ፍርድ ቤት ይህን ቁጥር እንዳለ ይቀበላል ማለት አይደለም። የ28 ዓመት ገቢ በአንድ ጊዜ መከፈሉን፣ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ ሊያገኝ መቻሉን፣ ገቢው ምን ያህል እንደተረጋገጠ እያየ ይቀንሳል። ልኩን በትክክል ማወቅ ካልተቻለም በቁጥር 2102 መሠረት በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ መስሎ በታየው ልክ፣ ይወስናል። ቢሆንም የሽማግሌዎቹ አሐዝ ከአንድ ዓመት ገቢው እንኳ እንደሚያንስ አባትዎን ቁጭ አድርገው ያስረዷቸው።

በዚህ ላይ የሕክምናና የእንክብካቤ ወጪ ይጨመራል። ቤተሰብ ብዙ ገንዘብ የሚያጣው እዚህ ላይ ይመስለናል፤ ያለፈውን ደረሰኝ ሰብስቦ የወደፊቱን ይረሳዋልና። ከሐኪሙ የሚያስፈልገውን በዓይነትና በመጠን የሚዘረዝር ደብዳቤ ጠይቁ፦ በቀን ስንት ጊዜ የሽንት ቱቦ እንደሚገባለት (አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6)፣ የአልጋ ቁስል መከላከያ ፍራሽ፣ ዊልቸርና በየስንት ዓመቱ እንደሚቀየር፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ሌሊትም ቢሆን በየ2 ሰዓቱ የሚያገላብጠው ሰው። ከዚያ በዚያው ዝርዝር ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ውሰዱና አያይዙ። የሚያገላብጡት እናትዎ ቢሆኑም የአስታማሚ ክፍያውን ጠይቁ፤ እናት ስለሆኑ ድካማቸው በነጻ አይታሰብም። ከውጭ ፋርማሲ የምትገዙትን ሁሉ በወንድምዎ ስም፣ ማኅተም ባለው ደረሰኝ ግዙ። ለሕሊና ጉዳት (ለደረሰበት ሐዘንና የመንፈስ ስቃይ) ካሳ ብዙ ተስፋ አታድርጉ፤ ቁጥር 2116 በ1952 ዓ.ም. ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ብሎ አስሮታል። ለዛሬ ኑሮ የማይመጥን ድንጋጌ ነው፤ ጉልበታችሁን በገቢውና በእንክብካቤው ላይ አውሉ።

ማንን እንክሰስ ለሚለው፣ ዋናው ሰው ባለመኪናው ነው። በቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት የራሱ ጥፋት ባይኖርም ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ አያመልጥም። የሚያድነው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ነው። ተጎጂው ራሱ ባጠፋው መጠን ግን ካሳው ይቀነሳል። ወንድምዎ ቆሞ የነበረው ከአስፋልቱ ውጭ መሆኑ ወሳኝ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ይህን የሚናገረው የትራፊክ ፖሊሱ ያነሳው ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ነው። ቅጂውን አውጡና የግጭቱ ነጥብ ከአስፋልቱ ጠርዝ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ የፍሬን ጭረቱ ከየት እንደሚጀምር እዩ። የማትስማሙበት ነገር ካለ ያዩ ሰዎችን ከአሁኑ ያዙ፤ የሱቅ ካሜራ ምስል ካለ ሳይጠፋ ቅዱ።

ሊብሬው በማን ስም እንዳለም አረጋግጡ። መኪና በውክልና ብቻ ተሸጦ ስሙ ሳይዛወር ዓመታት ይቆያል። እንዲህ ከሆነ በሊብሬው ላይ ያለውንም፣ በውክልና የያዘውንም፣ ሹፌሩንም አንድ ላይ ክሰሱ። የሦስተኛ ወገን መድን የሰጠውን ድርጅትም ጨምሩ፤ ባትጨምሩት ባለመኪናው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 43 ወደ ክርክሩ ያስገባዋል፣ ቀጠሮም ይራዘማል። መድን ሰጪው የሚከፍለው በሕግ እስከተወሰነው ጣሪያ ብቻ ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ የአካል ጉዳት ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ ጣሪያ የሚሻሻል ስለሆነ አደጋው በደረሰበት ቀን የጸናውን ጠይቁ። «ኢንሹራንስ ይክፈላችሁ» የሚል ባለመኪና ከጣሪያው በላይ ያለውን ከኪሱ መክፈል እንዳለበት ይወቅ።

የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ሕክምናው ሳይረጋጋ ቶሎ ከቀረባችሁ «ክትትል ላይ ነው» የሚል ወረቀት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። በራሳችሁ ያመጣችሁትን ማስረጃ ተከሳሽ ሊቃወመው ስለሚችል ወንድምዎ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ቦርዱ እንዲላክ ብታደርጉ ይሻላል። በቦርዱ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ በመቶኛ የተጻፈ መጠን፣ «ቋሚ» የሚል ቃል፣ የሌላ ሰው ድጋፍ እንደሚያስፈልገው። የመጨረሻው ከሌለ የአስታማሚ ጥያቄያችሁ ይዳከማል። አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለች፦ ራሱን ስቶ የገባ ሰው ካርዱ ላይ ስሙ ተሳስቶ ወይም «ያልታወቀ» ተብሎ ይመዘገባል። በመታወቂያው፣ በካርዱና በፖሊስ መዝገቡ ላይ ያለው ስም እስከ አያት አንድ መሆኑን አሁኑኑ አረጋግጡ፤ ሰነዱ ከተከራካሪው ጋር ካልገጠመ «የእሱ አይደለም» ይባላል።

ገቢውን የሚያስረዳ ደመወዝ የለውም ብላችሁ አትስጉ። የንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ፣ የባንክ ሒሳብ እንቅስቃሴ፣ ሥራ ያሠሩት ሰዎች ምስክርነት ይሠራል። ግብር ሲከፍል ያስመዘገበው ገቢ ዛሬ ከምትጠይቁት ካነሰ ግን የተከሳሽ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነውና መልሳችሁን አዘጋጁ።

ይርጋው (ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን 2 ዓመት ነው። ድርጊቱ በወንጀል ሕግ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው እሱ ይሠራል ይላል ሕጉ፤ እናንተ ግን 2 ዓመቱን ቆርጣችሁ ያዙ፣ የወንጀሉ መዝገብ እስኪያልቅም አትጠብቁ። አደጋው የደረሰው አዲስ አበባ ስለሆነ እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርሰውን ክስ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያየዋል። ወንድምዎ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ አእምሮውም ደህና ስለሆነ ክሱ በእሱ ስም ነው። ለእርስዎ ውክልና ይስጥ፤ መሄድ ለማይችል ሕመምተኛ የሰነዶች ማረጋገጫ ሠራተኛ ካለበት ቦታ ድረስ እንዲመጣ ይጠየቃል። የዳኝነት ገንዘቡ በተጠየቀው ካሳ መጠን ስለሚሰላ ሊከብዳችሁ ይችላል፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 467 መሠረት በደሃ ደንብ፣ ማለትም የዳኝነት ገንዘብ ሳትከፍሉ፣ ለመክሰስ በቃለ መሐላ አመልክቱ። ከክሱ ጋር አይሱዙው እንዳይሸጥና ስሙ እንዳይዛወር የእግድ አቤቱታ አያይዙ። ፍርድ አግኝቶ አፈጻጸም ላይ የሚያዝ ንብረት ማጣት ከመሸነፍ አይሻልም። 9 በመቶውን ሕጋዊ ወለድም በግልጽ ጠይቁ፤ ያልተጠየቀ ዳኝነት አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የግንባታ ቀን ሠራተኛ ነበር፤ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ሽባ ሆኗል። ቀጣሪው «ውል የለንም፤ ያመጣው ንዑስ ተቋራጩ ነው» ይላል። የደህንነት ቀበቶም አልተሰጠውም ነበር። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብቱን አያስቀርም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በቃልም ይሆናል፤ አብረው የሠሩ ሰዎች፣ የክፍያ መዝገብ፣ የቴሌብር ወይም የባንክ ዝውውር ያስረዳል። የቀን ሠራተኛ ከሳይት ሳይት ስለሚበተን የምስክሮቹን ስልክ ዛሬውኑ ያዙ። ዋናውንና ንዑስ ተቋራጩን አንድ ላይ ክሰሱ፤ ማን አሠሪ እንደነበር እዚያው እርስ በርሳቸው ይከራከሩ።

በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖረውም ኃላፊ ነው። የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠ የደህንነት መመሪያ ከጣሰ፣ ወይም ሰክሮ ሥራ ከገባ ነው። ቀበቶ ሳይሰጥ «መመሪያ ጥሷል» ማለት አያስኬድም።

ክፍያውን በቁጥር እንየው። በቀን 500 ብር፣ በወር 26 ቀን ይሠራ ከነበረ ወርኃዊው 13,000 ብር ነው። ጊዜያዊ ጉዳት ላይ ሳለ እስከ አንድ ዓመት፦ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ (9,750 ብር)፣ የቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ (6,500 ብር)። ቋሚ ሙሉ የአካል ጉዳት ሲወሰን ይህ ይቆማል፤ በጡረታ ካልተሸፈነ የ5 ዓመት ደመወዙ በአንድ ጊዜ ይከፈላል፤ በእሱ ሒሳብ 780,000 ብር። የሕክምናው ወጪ ከዚህ ውጭ የአሠሪው ነው። የጡረታ መዋጮ ይቆረጥለት ከነበረ ግን ወርኃዊ የጉዳት ጡረታ ስለሚኖር ወደ ግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ይሂዱ።

የክስ ማቅረቢያ ጊዜው አጭር ነው፦ 1 ዓመት። ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። «ሲሻለው እንነጋገራለን» የሚል አሠሪ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ይቀበል፤ ቃሉ ይርጋን አያቆምም።

ጥያቄ፦ አውቶቡስ ተገልብጦ የእጆቼም የእግሮቼም መታዘዝ ጠፍቷል። ሹፌሩ ግን በወንጀል ነጻ ተባለ። ካሳ ቀረ ማለት ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ አልቀረም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2149 የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት በወንጀል ነጻ መባል አይታሰርም። የእርስዎ ችግር ሌላ ነው፦ ተሳፋሪ ስለነበሩ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ ይሠራል፤ አዲሱ የንግድ ሕግ ይህን ክፍል አልነካውም። ቁጥር 597 የአጓጓዡን ኃላፊነት ለአንድ ተሳፋሪ በ40,000 ብር ይገድባል። ገደቡ የሚነሳው በቁጥር 599 መሠረት ጉዳት እንደሚደርስ እየታወቀ የተፈጸመ ድርጊት ወይም ግድፈት መኖሩን ካስረዱ ነው። ስለዚህ ክርክርዎ «ሹፌሩ ቸልተኛ ነበር» ላይ እንዳያበቃ። ፍሬኑ መበላሸቱ ከጉዞው በፊት ተነግሮት እንደነበር፣ ተሳፋሪዎች «ቀስ በል» ሲሉት እንቢ ማለቱን፣ የቦሎ ምርመራው ጊዜ ማለፉን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጉ። አብረው የተጓዙት ሰዎች ስም በፖሊስ መዝገቡ ላይ አለ።

ጥያቄ፦ ልጄን የገጨው መኪና ሳይያዝ አመለጠ፤ ታርጋውንም ያየ የለም። የምከስሰው የለኝም። (አባት፣ ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ አባታችን፣ ለእንዲህ ያለው ነው የመድን ፈንድ የተቋቋመው። ገጭቶ ያመለጠውም፣ ተይዞ መድን የሌለው ሆኖ የተገኘውም መኪና ላደረሰው የአካል ጉዳት ጥያቄው የሚቀርበው ለመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። መኪናው አለመታወቁን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ፣ የሕክምና ቦርድ ወረቀት፣ የልጁ የልደት ማስረጃና የእርስዎ መታወቂያ ያስፈልጋል። ፖሊሱ የሚጽፈው ደብዳቤ አደጋው የደረሰበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይያዝ፤ የልጁ ሆስፒታል መግቢያ ሰዓት ከዚያ ጋር ካልተጣጣመ ማመልከቻው ለማጣራት ይመለሳልና ከማስገባትዎ በፊት ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ።